ትንሽ ኮሌጅ ውድ ነው፤ ሂሳቡን ማን ይክፈል?

ሜይ 31 ቀን 2024 የበርሚንግሃም ሳውዘርን ኮሌጅ የቤዝቦል ቡድን ኦሃዮ ውስጥ ለብሔራዊ ሻምፒዮና ሜዳ ገባ። (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቱ ካልተለየ በቀር የፈረንጅ ነው።) በዚያው ዕለት አላባማ ያለው ኮሌጃቸው ከ168 ዓመት በኋላ በሩን ዘጋ። ልጆቹ ማሊያቸው ላይ የለጠፉት ስም በሕይወት የሌለ ትምህርት ቤት ስም ሆነ።

አወዳደቁ ምሥጢር የለውም። ኮሌጁ በ2000ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ተማሪ ይመጣል ብሎ በብድር ሕንፃ ሠራ። የ2008ቱ የፋይናንስ ቀውስ ደረሰ። ኢንዶውመንቱ፣ ማለትም በስጦታና በኑዛዜ ተሰብስቦ ዋናው ሳይነካ ትርፉ ብቻ ሊበላ የሚገባው ተቀማጭ፣ እየተሸረፈ የዕለት ጉድለት መሙያ ሆነ። በመጨረሻ ከአላባማ ግዛት 30 ሚሊዮን ዶላር ብድር ተጠየቀ። የግዛቱ ምክር ቤት ለዚሁ ጉዳይ ሕግ ቢያወጣም ገንዘብ ያዡ ብድሩን አልፈቅድም አሉ፤ በቀጣዩ ዓመት ሕጉን ለማሻሻል የተሞከረውም አልሆነም። እዚያ ላይ አበቃ።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ኤፕሪል 29፣ ኒውዮርክ ግዛት ኦሮራ በምትባል መንደር ያለው ዌልስ ኮሌጅ ሴሚስተሩ ሲያልቅ እንደሚዘጋ ለተማሪዎቹ አሳወቀ። ሳምንታት ብቻ ቀርተውት! ይህን ኮሌጅ በ1868 ያቆመው ሄንሪ ዌልስ ነው፤ አሜሪካን ኤክስፕረስንና ዌልስ ፋርጎን ከመሠረቱት አንዱ። በአሜሪካ ትልልቅ የገንዘብ ድርጅቶች ላይ ስሙን የተከለ ሰው ያቋቋመው ኮሌጅ በገንዘብ እጦት ተዘጋ። ከእሱ በፊት በቬርሞንት ግሪን ማውንቴን በ2019 ተዘግቷል፤ ማርልቦሮ በ2020 ወደ ኤመርሰን ኮሌጅ ተጠቃልሏል፤ ካሊፎርኒያ ያለው ሚልስ በ2022 በኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተውጧል። ዝርዝሩ ይቀጥላል፤ እኔ ግን ልተወው።

በዚያው የጸደይ ወራት ማሳቹሴትስ ያሉት ዊሊያምስና አምኸርስት ከአሥር አመልካች ዘጠኙን ያህል «ይቅርታ፣ ቦታ የለንም» እያሉ ሲመልሱ ነበር። እነዚህም እንደ በርሚንግሃም ሳውዘርን ትንንሽ ናቸው፤ እያንዳንዳቸው ሁለት ሺህ ገደማ ተማሪ ነው ያላቸው። የትምህርቱም ዓይነት ያው ሊበራል አርትስ ነው፤ ሒሳብ፣ ታሪክ፣ ባዮሎጂ፣ ፍልስፍና፣ ሙዚቃ። ካታሎጋቸውን ጎን ለጎን ቢያስቀምጡት ልዩነቱን ለማግኘት ዓይን ያደክማል። አንዱን የገደለውና ሌላውን ያፋፋው ነገር ያለው ክፍል ውስጥ አይደለም፤ ሂሳብ መዝገቡ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ግን ይህ ትንሽነት ምን እንደሚሰጥ እንይ፤ ምክንያቱም ከኛ ሰው ብዙው፣ አዲስ አበባም ሆነ ዋሽንግተን አጠገብ ያለችው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ስሙን ሰምቶት የማያውቀውን ኮሌጅ በጥርጣሬ ነው የሚያየው። «ሃርቫርድ ካልሆነ ቢያንስ የግዛቱ ዩኒቨርሲቲ ይሁን» ይላል አባት። «ተመርቀሽ ምን ልትሆኚ ነው?» ትላለች እናት። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው።

ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአንደኛ ዓመት ኬሚስትሪ ሲጀመር አዳራሹ ውስጥ ሁለትና ሦስት መቶ ሰው ይቀመጣል። ፕሮፌሰሩ ከሩቅ ይናገራል፤ ፈተናውን የሚያርመው፣ ጥያቄ የሚመልሰው፣ ላብ ውስጥ አጠገብህ የሚቆመው ራሱ ገና ዶክትሬቱን የሚማር ረዳት ነው። ትንሹ ኮሌጅ ውስጥ ድኅረ ምረቃ የሚባል ነገር አብዛኛውን ጊዜ ስለሌለ ረዳትም የለም። አሥራ አምስት፣ ሃያ ሰው ባለበት ክፍል ውስጥ የሚያስተምረውም፣ የሚያርመውም፣ ቢሮው በሩን ከፍቶ የሚጠብቀውም አንድ ሰው ነው። በሴሚስተር አራት ኮርስ፣ በአራት ዓመት ሠላሳ ሁለት፤ ዊሊያምስም አምኸርስትም በዚህ ልክ ነው የሚሄዱት። ሜጀር፣ ማለትም የሚመረቁበት ዋና የትምህርት መስክ፣ የሚመረጠው ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል ስለሆነ ፊዚክስ ሊማር የገባ ልጅ በሙዚቃ፣ ወይም በሁለቱም፣ ሊመረቅ ይችላል። አምኸርስት ከአንድ የመጀመሪያ ዓመት ሴሚናር በቀር ከሜጀሩ ውጭ የግዴታ ኮርስ የለውም።

ከሁሉ የዊሊያምስ «ቱቶሪያል» የነገሩን ልብ ያሳያል። ሁለት ተማሪና አንድ ፕሮፌሰር፣ በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ሴሚስተሩን ሙሉ። በዚህ ሳምንት አንደኛዋ ከአምስት እስከ ሰባት ገጽ ጽሑፍ ይዛ ትመጣለች። ጓደኛዋ ቀድሞ አንብቦት መከራከሪያውን አዘጋጅቷል። እሷ ታቀርባለች፤ እሱ «ይህን ከየት አመጣሽው? ሦስተኛው ገጽ ላይ ያልሽው ከመጀመሪያው ጋር አይጣላም?» ይላታል። ፕሮፌሰሩ ብዙውን ሰዓት ዝም ብሎ ይሰማል፤ ጣልቃ የሚገባው ክርክሩ መንገድ ሲስት ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ተራ ይለዋወጣሉ። ከኋላ ወንበር መደበቅ የለም፤ የኋላ ወንበርም የለም። ቻትጂፒቲ በኖቬምበር 2022 ከመጣ ወዲህ ዓለም ሁሉ «የቤት ሥራውን ማን ጻፈው?» እያለ ሲጨነቅ ይህ አሠራር ብዙ የሚፈራው ነገር የለም። ጽሑፉን ማሽን ቢጽፈው እንኳ በጓደኛህ ፊት ለአንድ ሰዓት ሙሉ የምትሟገትለት አንተ ነህ።

ፊላዴልፊያ አጠገብ ያለው ስዋርዝሞር ደግሞ ሌላ ዘዴ አለው። በፕሬዚዳንቱ ፍራንክ ኤይደሎት ዘመን፣ በ1920ዎቹ፣ የተጀመረው የኦነርስ ፕሮግራም ተማሪውን በመጨረሻው ዓመት የሚፈትኑት ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የሚጋበዙ ምሁራን ናቸው፤ በጽሑፍም በቃልም። የኦነርስ ማዕረጉን የሚወስነው የራሱ መምህር አይደለም። ቀላል ለውጥ ይመስላል፤ ግን ያስተማረችህ ፕሮፌሰር ዳኛህ መሆኗ ቀርቶ ከውጭ ለሚመጣው ፈታኝ አብራህ የምትዘጋጅ አሰልጣኝ ትሆናለች። በእኔ አስተያየት በአሜሪካ ትምህርት ውስጥ ካየኋቸው ብልህ ሐሳቦች አንዱ ይህ ነው፤ ያልተስፋፋውም ስለሚያስወጣ ይመስለኛል።

የግቢ ኑሮውም ከዚሁ ትንሽነት የሚቀዳ ነው፤ ደጉም ክፉውም። አይዋ ግዛት ውስጥ ያለውን ግሪኔልን ውሰዱ። ከተማዋ ዘጠኝ ሺህ ገደማ ነዋሪ አላት፤ ዙሪያዋ የበቆሎ እርሻ ነው፤ ደህና ከተማ የሚባለው ዲሞይን በመኪና አንድ ሰዓት ነው። ተማሪው ከሞላ ጎደል ሁሉም ግቢ ውስጥ ይኖራል፤ በአንድ ካፌ ይበላል። ሁለት ቀን ክላስ ከቀረህ አማካሪህ ኢሜይል ይጽፍልሃል፤ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ወር ብትጠፋ የሚፈልግህ ላይኖር ይችላል። በሌላ በኩል ከፍቅረኛህ ብትጣላ በቀን ሦስቴ ትሪ ይዘህ ፊት ለፊት ትገጥማታለህ። ወሬ ከቁርስ እስከ ምሳ ግቢውን ያዳርሳል። ሐበሻ ብትፈልግ በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠር ነው፤ እንጀራ ከሩቅ ከተማ በካርቶን የሚደርሰው የታደለ ነው።

ሰው ብዙ የማያወራው አንድ ነገር አለ፤ በገና ዕረፍት ብዙ ኮሌጆች ዶርም ይዘጋሉ፣ ወይም ለሚቆይ ተማሪ ተጨማሪ ያስከፍላሉ። አሜሪካዊው ልጅ ሻንጣውን ይዞ ወላጆቹ ቤት ይሄዳል። ከአዳማ ወይም ከደሴ የመጣው ልጅ የት ይሂድ? ዋሽንግተን ወይም ሚኒያፖሊስ የአክስት ልጅ ያለው ይተርፋል፤ የሌለው የጓደኛ ቤት ሶፋ ላይ ነው። የኮሌጁን ብሮሹር የሚያነብ ሰው ይህን አያገኘውም፤ ከመሄዱ በፊት ጽፎ መጠየቅ አለበት።

ወደ ሂሳቡ እንመለስ። አንድ ፕሮፌሰር ሦስት መቶ ሰው ሲያስተምር ደመወዙ ለሦስት መቶ ይካፈላል፤ አሥራ አምስት ሲያስተምር ለአሥራ አምስት፤ በቱቶሪያል ጥንድ ጥንድ እያደረገ አሥር ልጅ ሲያስተምር ለአሥር። ይህን ወጪ የሚቀንስ ቴክኖሎጂ አልተገኘም፤ ቢገኝም ትንሹን ኮሌጅ ትንሽ ያሰኘውን ነገር ራሱን ነው የሚያጠፋው። ስለዚህ ዋጋው ወደ ላይ ብቻ ሄደ። ዛሬ ስም ያላቸው ኮሌጆች ትምህርት፣ ዶርምና ምግብ ተደምሮ በዓመት ከ90,000 ዶላር በላይ ይጽፋሉ።

«ይጽፋሉ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። አብዛኛው ሰው የተጻፈውን አይከፍልም። በግል ኮሌጆች ለአዲስ ገቢ ተማሪ የሚደረገው ቅናሽ በአማካይ ከተጻፈው የትምህርት ክፍያ ከግማሽ በላይ ደርሷል። መርካቶ ጨርቅ ተራ የገባ ሰው ጨዋታውን ያውቀዋል፤ ነጋዴው ሁለት ሺህ ብሎ ይጀምራል፣ ስምንት መቶ ላይ ይጨባበጣሉ፣ ገዢው ያተረፈ ይመስለዋል። ኮሌጁ ቅናሹን «የፕሬዚዳንት ስኮላርሺፕ» የሚል ስም ሰጥቶ በማኅተም ይልክልሃል፤ ዘመድ አዝማድ ይደሰታል። ሀብታሙ ኮሌጅ ይህን ቅናሽ ሲሰጥ ጉድለቱን ከኢንዶውመንቱ ትርፍ ይሞላል። ደሃው ኮሌጅ ግን የሚሞላበት የለውም፤ ወንበሩ ባዶ ከሚቀር በግማሽ ዋጋ ይሰጠዋል፤ በሚቀጥለው ዓመት ከጎረቤት ኮሌጅ ጋር ተፎካክሮ ተማሪ ለመውሰድ ቅናሹን ይጨምራል። ተማሪው ሞልቶ ገንዘቡ የጎደለ ኮሌጅ የሚፈጠረው እንዲህ ነው።

በዚህ ላይ የልጅ ቁጥር መጣ። አሜሪካ ውስጥ በ2007 ወደ 4.3 ሚሊዮን ሕፃናት ተወልደው ነበር፤ ከቀውሱ በኋላ ቁጥሩ እየወረደ ሄደ፣ አላገገመምም። በ2007 የተወለደ ልጅ 18 ዓመት የሚሞላው በ2025 ነው። ከዚህ በኋላ ለሚመጡት ዓመታት ኮሌጅ በር ላይ የሚቆመው ወጣት እየቀነሰ ይሄዳል ማለት ነው፤ ትንንሽ ኮሌጆች የተከማቹባቸው ሰሜን ምሥራቁና መካከለኛው ምዕራብ ደግሞ ቅነሳው የሚጠናባቸው ናቸው። በ2024 የፌዴራሉ የተማሪ ድጋፍ ማመልከቻ ፎርም ተለውጦ ለወራት ሲንተፋተፍ፣ የሁለት መቶ ተማሪ መዘግየት ትልቁን ዩኒቨርሲቲ ምንም አላደረገውም። አንድ ሺህ ተማሪ ላለው ኮሌጅ ግን ሁለት መቶ ማለት አንድ አምስተኛው ነው።

ሁሉም እጁን አጣጥፎ አልሞተም። ቨርጂኒያ ያለው የሴቶች ኮሌጅ ስዊት ብራየር በማርች 2015 ሊዘጋ ነው ሲባል የቀድሞ ምሩቃኑ ጠበቃ ቀጥረው ፍርድ ቤት ቆሙ፣ ገንዘብ አዋጡ፣ ቦርዱን አስለወጡ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ውሳኔው ተቀለበሰ። ዛሬም ክፍት ነው። ግን ሁሉም ኮሌጅ እንዲህ የሚነሱለት እህቶች የሉትም።

አሁን ከሁለቱም ጎራ ወዳልሆነው ኮሌጅ ልሂድ፤ በኬንታኪ ግዛት ከሌክሲንግተን ከተማ በስተደቡብ ያለው ቤሪያ። አዲስ አበባ ውስጥ ውጭ አገር ለመማር ማመልከቻ ሲሞሉ ለከረሙ ልጆች ይህ ስም እንግዳ አይደለም፤ በየዓመቱ ዕድላቸውን ይሞክሩበታል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ቤሪያ ከ1892 ጀምሮ ከተማሪ የትምህርት ክፍያ አይወስድም።

መሥራቹ ጆን ፊ የባርነት ተቃዋሚ ሰባኪ ነበር፤ በ1855 ባሪያ አሳዳሪ ግዛት መሃል ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1859 የአካባቢው ባለ ርስቶች እሱንና ባልደረቦቹን ከግዛቱ አባረሯቸው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በኋላ ተመልሰው ሲከፍቱት በ1866 ከነበሩት 187 ተማሪዎች 96ቱ ጥቁር፣ 91ዱ ነጭ ነበሩ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ ቦታ! ለአርባ ዓመት ያህል እንዲህ ከቆየ በኋላ ኬንታኪ በ1904 ጥቁርና ነጭ አብሮ እንዳይማር የሚከለክል ሕግ አወጣች። በግዛቱ ሁለቱን አብሮ የሚያስተምር ኮሌጅ ሌላ ስላልነበረ ሕጉ በስም ባይጠራውም የተጻፈው ለቤሪያ ነበር። ኮሌጁ ተከሶ አንድ ሺህ ዶላር ተቀጣ፤ ጉዳዩን እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አድርሶ በ1908 ተረታ። ከተቃወሙት ዳኞች አንዱ ራሱ የኬንታኪ ተወላጅ የሆነው ጆን ማርሻል ሃርላን ነበር። የጥቁሮች ታሪክ ጥናት አባት የሚባለው ካርተር ውድሰን ከቤሪያ የተመረቀው በ1903 ነው፤ አንድ ዓመት ቢዘገይ በሩ በተዘጋበት ነበር። ሕጉ ተሻሽሎ ጥቁር ተማሪ የተመለሰው በ1950 ነው።

ስለ ቤሪያ ሲወራ ሰው ቶሎ የሚያነሳው ሥራውን ነው። እያንዳንዱ ተማሪ፣ ያለ ምንም ልዩነት፣ በሳምንት ቢያንስ አሥር ሰዓት ግቢ ውስጥ ይሠራል። መጥረጊያ የሚያስሩ አሉ፣ በሸማ እቃ ጨርቅ የሚሸምኑ አሉ፤ እርሻው ላይ፣ በኮሌጁ ሆቴል፣ በቤተ መጻሕፍት፣ በኮምፒውተር ጥገና፣ ታናሾችን በማስጠናት የሚሠሩም አሉ። ሥራው እንደ ኮርስ ይገመገማል፤ የቅርብ ኃላፊው ውጤት ይሞላል። «አየህ፣ ሠርተው ነው የሚማሩት፣ ለዚህ ነው ነፃ የሆነው» ይባላል። ስህተት ነው። በሳምንት አሥር ሰዓት መጥረጊያ በማሰር የፕሮፌሰር ደመወዝ አይወጣም። ሥራው የሚሠራው ሌላ ነገር ነው። ሌላ ኮሌጅ ውስጥ ካፌ ሳህን የሚያጥበው ልጅ ማን እንደሆነ ይታወቃል፤ ደሃው ነው። ቤሪያ ውስጥ ግን ሁሉም ያጥባል፤ ለዚያውም የሚገቡት የቤተሰባቸው ገቢ አነስተኛ የሆነ ልጆች ብቻ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከአፓላቺያ ተራሮች የድሃ መንደሮች የመጡ። አባቱ ሚሊየነር የሆነ ልጅ ጎበዝ ቢሆንም አይገባም። ከኛ ግቢዎች ውስጥ በካፌና በ«ነን ካፌ» መካከል ያለውን ድንበር የሚያውቅ አንባቢ ይህ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ ይገባዋል።

ታዲያ ማን ነው የሚከፍለው? በአብዛኛው የሞቱ ሰዎች። በ1920 የቤሪያ ቦርድ አንድ ውሳኔ ወሰነ፤ ሰው ሲሞት ለኮሌጁ የሚናዘዘው ገንዘብ፣ ለይቶ «ለዚህ አውሉት» ካላለ በቀር፣ በሙሉ ኢንዶውመንት ውስጥ ይግባ፣ አይነካ። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ለሚለው ተረታችን ፈጽሞ የማይመች ውሳኔ ነው። የዚያን ዘመን የቦርድ አባላት ገንዘቡን ለጣሪያ ማደሻ ወይም ለደመወዝ ጭማሪ ሊያውሉት ይችሉ ነበር፤ ጥቅሙን በዓይናቸው ያዩት ነበር። ይልቁንም ለማያውቋቸው ሰዎች አስቀመጡት። ዛሬ ኢንዶውመንቱ ከአንድ ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው፤ ተማሪው ደግሞ 1,500 ገደማ። ከአንድ ቢሊዮን በዓመት አራት ወይም አምስት በመቶ ቢወጣ ከ40 እስከ 50 ሚሊዮን ዶላር ነው፤ ለአንድ ተማሪ ሲካፈል 30,000 ዶላር ገደማ ይደርሳል። ነፃ ትምህርት የሚባለው ይኸው ነው፤ ዋጋው ቀድሞ የተከፈለ።

ይህን ሳነሳ «እንግዲያው ሁሉም ለምን እንደ ቤሪያ አይሆንም?» የሚል አይጠፋም። ምክንያቱም መቶ ዓመት ይፈልጋል። ሊዘጋ ሦስት ዓመት የቀረው ኮሌጅ የ1920ን ውሳኔ ዛሬ ሊወስን አይችልም። ቤሪያም ቢሆን ከአደጋ ነፃ አይደለም፤ በ2008 ገበያው ሲወርድ ኢንዶውመንቱም አብሮ ወረደ፤ ሌላው ኮሌጅ ክፍያ ጨምሮ የሚያመልጥበት በር ለእሱ ዝግ ስለሆነ ወጪ ከመቁረጥ ውጭ አማራጭ አልነበረውም።

መንግሥትም በዚህ ገንዘብ ላይ ዓይኑን ጥሏል። በ2017 የወጣው የግብር ሕግ ለአንድ ተማሪ ከ500,000 ዶላር በላይ ኢንዶውመንት ያላቸውን የግል ኮሌጆች በትርፉ ላይ 1.4 በመቶ አስከፈለ። ቤሪያ በሂሳቡ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ የድሃ ልጆችን በነፃ የሚያስተምር ኮሌጅ እንደ ሃርቫርድ ሊገብር! በ2018 መጀመሪያ ላይ ሕጉ ውስጥ «ከፋይ ተማሪዎች» የሚል ቃል ገብቶ ነፃ ወጣ። በ2025 ሕጉ እንደገና ተለውጦ ግብሩ እስከ 8 በመቶ ሲያድግ፣ የሚመለከተው ቢያንስ 3,000 ከፋይ ተማሪ ያላቸውን ብቻ እንዲሆን ተደረገ። በዚህ ዊሊያምስ፣ አምኸርስት፣ ስዋርዝሞርና ግሪኔል ከግብሩ ሊወጡ ነው። የአንድ ተማሪ ድርሻው ከሚሊዮን ዶላር በላይ የሆነው ሀብታሙ ትንሽ ኮሌጅ በትንሽነቱ ተሸለመ። ባዶ ካዝና ያለው ትንሽ ኮሌጅ ከዚህ ምንም አላገኘም፤ ከበፊቱም የሚገበር አልነበረውም።

ለእኛ ሰዎች ይህ ሁሉ ምን ያገባናል? በሁለት በኩል ያገባናል። አንደኛው ቤታችን ነው። ኢትዮጵያ ዘመናዊ ከፍተኛ ትምህርት የጀመረችው በትንሽ ኮሌጅ ነው፤ በ1950 በካናዳ ኢየሱሳውያን አስተባባሪነት፣ በዶክተር ሉሲየን ማት መሪነት የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሥነ ጥበባትንና ሳይንስን አብሮ የሚያስተምር፣ መምህሩ ተማሪውን በስም የሚያውቅበት ቤት ነበር። በ2012 ዓ.ም. (የእኛ አቆጣጠር) ዩኒቨርሲቲዎቻችን የፍሬሽማን ዓመትን ሲመልሱ ሎጂክና ሂሳዊ አስተሳሰብ፣ ጄኔራል ሳይኮሎጂ፣ አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ ለሁሉም ተማሪ ግዴታ ሆኑ። የኮርሶቹ ዝርዝር ከአንድ ሊበራል አርትስ ኮሌጅ ካታሎግ የተቀዳ ይመስላል። ግን ሎጂክ አዳራሽ ሙሉ ሰው ተቀምጦበት፣ ከሞጁል ላይ እየተነበበ፣ ምርጫ ላይ በማክበብ ተፈትኖ ሲያልቅ ማንም ከማንም ጋር አልተከራከረም። የኮርሱን ስም ማምጣት ርካሽ ነው። ውዱ ነገር አሥራ አምስት ሰው ያለበት ክፍል ነው፤ እሱን አላመጣነውም፣ ለማምጣትም ገንዘቡ የለም። ይህን በግልጽ የተናገረ ባለሥልጣን አልሰማሁም።

ሁለተኛው ልጆቻችን ናቸው። አምኸርስትና ሜይን ግዛት ያለው ቦደን የውጭ አገር ተማሪን ሳይቀር የመክፈል አቅሙን ሳያዩ የሚቀበሉ፣ ከተቀበሉም ሙሉ ድጋፍ የሚሰጡ ናቸው፤ ቤሪያ በየዓመቱ የሚቀበላቸው የውጭ ተማሪዎች ግን ጥቂት ናቸው፤ ውድድሩ ከባድ ነው። አሜሪካ ለተወለደው የሐበሻ ልጅ ደግሞ ሌላ ነገር ተለውጧል፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በጁን 2023 ዘርን ከቅበላ መመዘኛ ካወጣ በኋላ፣ በ2024 አምኸርስት ከተቀበላቸው አዲስ ተማሪዎች የጥቁሮች ድርሻ ከ11 በመቶ ወደ 3 በመቶ ወረደ።

ቪዛውም አለ። ከጁላይ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው የተማሪ ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ፣ ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግል ሆኗል። ገብቶ መማር የጀመረ ልጅ ተማሪነቱ እስካልተቋረጠ ቪዛው ቢያልፍበትም ችግር የለበትም። ክረምት ላይ እናቱን ሊጠይቅ አዲስ አበባ ከመጣ ግን ለመመለስ አዲስ ቀጠሮ፣ አዲስ ክፍያ፣ አዲስ ቃለ መጠይቅ ይጠብቀዋል። ብዙዎች አራት ዓመቱን ሳይመጡ ለመጨረስ የሚወስኑት ለዚህ ነው፤ ያኔ ከላይ ያነሳሁት የገና ዕረፍት ጉዳይ ተራ ነገር መሆኑ ይቀራል።

ስለዚህ የቅበላ ደብዳቤ የመጣለት ቤተሰብ የስኮላርሺፑን ስም ትቶ ሁለት ነገር ቢመለከት ይሻላል። አንዱ የመጨረሻ ክፍያው ነው፤ ከ2011 ጀምሮ የፌዴራል ድጋፍ የሚያገኙ ኮሌጆች ሁሉ የተጣራ ዋጋ ማስያ በድረ ገጻቸው ላይ እንዲያስቀምጡ በሕግ ተገደዋል። ሌላው የኮሌጁ ጤንነት ነው። ለትርፍ ያልቆሙ ኮሌጆች ለግብር መሥሪያ ቤቱ የሚያስገቡት 990 የተባለው ዓመታዊ ፎርም ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማንም ያገኘዋል፤ ገቢና ወጪውን የሦስት አራት ዓመት ጎን ለጎን አይቶ ጉድለቱ እየሰፋ መሆን አለመሆኑን ለመለየት የሂሳብ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የተማሪው ቁጥር በየዓመቱ እየወረደ፣ ቅናሹ እየጨመረ፣ ኢንዶውመንቱ እየተሸረፈ ከሆነ ደብዳቤው የቱንም ያህል ቢያምር ልጁ ሦስተኛ ዓመት ላይ ሆኖ ኮሌጁ ሊዘጋበት ይችላል። አሜሪካዊው ተማሪ ያኔ ክሬዲቱን ተሸክሞ ሌላ ቦታ ይፈልጋል፤ ከፈለገም አንድ ዓመት ቤቱ ይቀመጣል። በተማሪ ቪዛ ያለው ግን መቀመጥ አይችልም፤ በጊዜው ወደ ሌላ ፈቃድ ያለው ትምህርት ቤት ካልተዛወረ አሜሪካን ለቆ መውጣት አለበት፤ አዲሱ ትምህርት ቤት ደግሞ የድሮውን ሙሉ ስኮላርሺፕ የመስጠት ግዴታ የለበትም።